የጣሪያው ጠርሙስ

አባቴ አልጋና ምድጃ ያለውን ያገለገለ መኪና ሲገዛ፣ በበጋው ወደ ተራሮቹ እንሄዳለን ብሎን ነበር። ሦስት በጋ አለፈ፤ መኪናው ትሬሌው ከተማ ካለው ግቢያችን ንቅንቅ አላለም። አንዴ ጣሪያው ያፈሳል ይላል፣ አንዴ ባትሪው ደክሟል፣ አንዴ መጋረጃው አላማረውም። እኔ ሻንጣዬን አስሬ መፍታት፣ ፈትቼ ማሰር ሰለቸኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ የማቴ ሻዩን ሲጠጣ፣ በመኪናው የኋላ መሰላል ወጣሁና ውሃ የሞላ ጠርሙስ ጣሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ጠርሙስ የተቀመጠበት መኪና እንደሚሸጥ እኛ አገር ሕፃንም ያውቃል።

ብዙም ሳይቆይ ዶን ኢንዳሌሲዮ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ከመንገድ ገባ። የመኪናውን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

"እርጥበት በልቶታል፤ ለዶሮ ቤት ይሆን እንደሆነ እንጂ" አለ።

የአባቴ ፊት ቀላ። "ማን ይሸጣል አለህ?"

"ጠርሙሱ ነዋ፣ ጌታው።"

አባቴ ወደ ጣሪያው፣ ከዚያም ወደ እኔ አየ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

"አይሸጥም። እስከ ተራሮቹ እንሄድበታለን።"

"በምን? በበሬ ተጎትቶ?"

አባቴ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳለ፣ ሳለና ተነሳ።

"አንቺ ቀበጥ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ግቢ። እናትሽንም ጥሪያት።"

እናቴ ድስቷን ከነወጡ ይዛ መጣች።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጠርሙሱ ተንከባሎ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

"ምንድን ነው የወደቀው?" አለ አባቴ።

"ምንም አይደል አባዬ፣ አንተ ንዳ" አልኩት።