ከላይ የተነጠፈው ገበር

ክረምቱ ከፋ። ጣሪያው አፈሰሰ፤ የልብስ ቅድ የሣልኩባቸው ወረቀቶች በስብሰው ተጣበቁ። ዝናቡ ሳያባራ ልጄን ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ይዤ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አልችልም።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ሚስቴ በታመመች ጊዜ ገላዋን እያጠበች፣ እያገላበጠች እስከ መጨረሻው አስታመመቻት። ገንዘብ አልቀበልም ስትለኝ ኮት እሰፋልሻለሁ አልኳት። ልኳን ወስጄ ቅዱን ሣልኩ። ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ።

ቅዱ የተረፈው በልጄ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፒዲኤፍ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር፤ መሞከሪያ ያደረገው የእኔን ቅዶች ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ገጽ ላይ የጨርቁን ቅድ ለብቻ፣ የገበሩን ለብቻ አድርጎ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብራል።

ምራቴም ሙያዋ የእሱው ነው። ኮምፒውተሩን ከፍታ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ምን ሆነ?»

«ገበሩ ብቻ ነው የሚታየው አባባ። ኮሌታው የለም።»

«ጠፋ?»

«ቆይ እስቲ።» ባሏ የጻፈውን ወደ ታች አነበበች። «አልጠፋም። እዚህ መጀመሪያ የተጻፈው ከታች ይሆናል፤ የመጨረሻው ከላይ። እሱ ጨርቁን አስቀድሞ ገበሩን አስከተለ። ገበሩ ነጭ ቀለም ስላለው ሸፈነው። እያወቀ እንዴት ተሳሳተ?»

ጠረጴዛዬን አየሁ። እኔ ስቀድ ጨርቁ ይቀድማል፤ ገበሩ ይከተላል። ልጄ በሕፃንነቱ የሚውለው ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ነበር።

«እንደ እኔ ደርድሮት ነው» አልኳት።

እሷ አለቀሰች። እኔ መርፌ ፈለግሁ።

«ላስተካክለው?»

«የእጁን አትንኪብኝ። ግን ነርሷም ኮቷን ትጠብቃለች» አልኳት።

«አልነካውም። ገበሩን እንዳለ አትሜ፣ ለጊዜው ልሰውረውና ጨርቁን ላትም። ከዚያ እመልሰዋለሁ። እሱ እንደደረደረው ይቆያል።»

ገጾቹን በፕላስተር አገጣጠምን። እሷ አሰመረች፣ ቀደደች፤ እኔ በስፌት መኪና ሰፋሁ።

ነርሷ ኮቱን ለብሳ መስተዋት ፊት ዞረች። ሰፋት።

«አንተ ሽማግሌ! ስትለካኝ እንዲህ ወፍራም ነበርኩ? እዚህ ውስጥ እኮ ሁለት እኔ እንገባለን!»

«ላጥብበው?»

«ተወው። አሁን ደግሞ ላጥብብ ብለህ መቃብር ድረስ ልትቀጥረኝ?» እጇን አስገብታ ገበሩን ዳሰሰች። «ገበሩ ያምራል።»

«ልጄ ነው ያቆየልኝ።»

ሳቋን ተወች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቷ ቆለፈች።

«በጤና ልበሽው» አልኳት።