የሰባተኛው ክፍል አውቶቡስ

በቤታችን ስሜ ሲስተር ቶሎ-ቶሎ ነው። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ስሙን ማን እንዳወጣልኝ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። ወጥ ቤት የምትሠራው ሲስተር ናት። እኔ ባለፍኩ ቁጥር «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ትላለች፣ ለድስቱ የምትነግረው መስላ። ትበል። እሷ አንድ ድስት አማስላ ሳትጨርስ እኔ አሥር ሽማግሌ አጥቤ፣ አንሶላ ቀይሬ፣ ጥፍር ቆርጬ ለቁርስ እደርሳለሁ።

ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የምንጦር አምስት ሲስተሮች ነን፣ ከአራት አገር የተሰባሰብን። የማኅበራችን ነገር እንዲህ ነው፤ ዛሬ እዚህ ነሽ፣ ነገ አንድ ደብዳቤ ይመጣና ባሕር ማዶ ነሽ። «እሺ» ብሎ ሻንጣ ማንሳት ነው። የማልነውም ለዚሁ ነው።

ከስምንት ወር በፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንዲት ወጣት ሲስተር ይዞልን መጣ። ትንሿ እንላታለን። ቋንቋችንን ፈጽሞ አታውቅም ነበር። ይለመዳል ብዬ ዝም አልኩ፣ ዝም ማለት የማላውቀዋ ሴትዮ። ሥራዋ ግን ደሜን አፈላው። እኔ የቀሩትን ዘጠኝ ስጨርስ እሷ አንዱን ሽማግሌ ይዛ፣ በር ዘግታ፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ቋንቋውን ስትለምደው ደግሞ የባሰ መጣ። ማዕድ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ትላለች። አንድ እሑድ የጸሎት ቤቱን በር ዘግተው የቆሙ አሮጊቶችን «ወደ ውስጥ ግቡ እማማ፣ ከኋላ ባዶ ነው» ብላ ስትጣራ፣ ቅዳሴ ሊጀምሩ የነበሩት አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። መነኩሲት ናት ወይስ የአውቶቡስ ረዳት? ከየት እንደምትለቅመው ግራ ገባኝ።

በየሦስት ዓመቱ ከማኅበሩ ማዕከል ጎብኚ እናት ትመጣለች። በወጣትነቷ እዚህ ስላገለገለች ቋንቋችንን እንደ እኛው ትናገራለች። ሕጉ ጥብቅ ነው። እያንዳንዷ ሲስተር በዕድሜ ቅደም ተከተል ለብቻዋ ትገባለች፤ የምትገባው አንዴ ብቻ ነው፤ የተባለው ነገር ከዚያ ክፍል አይወጣም። በመጨረሻው ቀን ምሳ ላይ ማን እንደምትቆይና ማን እንደምትሄድ ከወረቀት ይነበባል። አቤቱታ የለም።

ትልቋ እኔ ስለሆንኩ የመጀመሪያዋ ገቢ እኔ ነኝ።

«ትንሿ ለዚህ ቤት አትሆንም» አልኳት ገና ወንበሩ ሳይሞቅ። «እጇ ቀርፋፋ ነው፣ አፏ ያልተገራ ነው። ልጆች ወዳሉበት ቤት ትሂድና ትጫወት። እዚህ ሥራ ነው ያለው።»

ጎብኚዋ ጻፈችው። «የሚጨምሩት አለ?»

«የለም።»

አራት ደቂቃ አልፈጀሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያም ኮራሁ።

ከዚያ የታጠበ አንሶላ ታቅፌ ወደ ሰባተኛው ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያለው ድሮ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረ ሰው ነው። ወደ እኛ የመጣ ሰሞን ማንኪያ ሳቀርብለት ጥርሱን ነክሶ ከንፈሩን ይገጥማል። አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተነፈሰልኝም። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠለ ብዙ አይቆይም» ሲል ተስፋ ቆርጬ ለትንሿ ተውኩላት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ጊዜዬን እየበላብኝ ነበር።

የማንንም በር ገፍቼ ነው የምገባው። ያን ቀን እጄ በአንሶላ ሞልቶ ስለነበር በክርኔ ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። ሹፌሩ ያወራል።

አልጋው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል። ሰውዬው በትራስ ተደግፎ፣ በሁለት እጁ የድስት ክዳን ይዞ እንደ መኪና መሪ ይጠመዝዛል። ወጥ ቤቷ ሲስተር «አንቺ ነሽ የጣልሽው» እያለች ሁለት ወር ያደረቀችኝ ክዳን ነው። ትንሿ ከአልጋው ግርጌ ቆማ «ወራጅ አለ» ትላለች። እሱ ያቆማል። አንድ ማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ ይውጣል፣ «እንሂድ» ትለዋለች፣ እንደገና ይነዳል። በየፌርማታው አንድ ማንኪያ። ሳህኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። አንገቱን አየሁት፤ አጥንት ብቻ የነበረው ሰውዬ ሥጋ ለብሷል።

ገባሁ። ሰውዬው ሲያየኝ ክዳኑን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከትቶ ከንፈሩን ግጥም አደረገ።

«ይቅርታ ሲስተር» አለች ትንሿ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተቆጣጣሪ መጣች ብሎ ነው።»

«ተቆጣጣሪ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት። ትርፍ ጭነናል፣ ትቀጣናለች ይላል። እርስዎ ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ሁሌ ይደብቀዋል።»

አንሶላውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። «አንቺ ብትታመሚ ማን ያበላዋል?»

«ባለፈው ወር አሞኝ ነበር። ወጥ ቤቷ ሲስተር ሞክራ ነበር። ረዳቴ ካልመጣች አልነሳም ብሎ ሁለት ቀን ጦሙን ዋለ።»

ኩምሽሽ አልኩ። ልጅቷ የምትሄድበትን ነገር በገዛ አፌ ጨርሼ መምጣቴን አታውቅም። እሷ ስትሄድ ሰውዬው አይበላም። ካልበላ ደግሞ ሐኪሙ ያለውን ሰምቻለሁ። በዚያ በሚያመኝ ጉልበቴ ኮሪደሩን እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም፤ ጎብኚዋ በር ላይ ደርሼ አንኳኳሁ።

«ሲስተር፣ የእርስዎ ተራ አልፏል» አለችኝ ለስለስ ብላ። «ሕጉን ለእኔ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እውነቷን ነው፣ ልጅ ሳለች አስተምሬያታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለት ቀን እንዲሁ ሄደ። ለማንም መናገር አልችልም፤ ሕግ ነው። ትንሿ በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ዓይኔን ወለሉ ላይ እተክላለሁ።

ወረቀቱ የሚነበብበት ቀን፣ ዓርብ፣ ደረሰ። በቤታችን ዓርብ ምሳ ላይ ቡራኬ ከመደረጉ በፊት፣ ጥፋት ያለባት ሲስተር ተንበርክካ በሁሉ ፊት ጥፋቷን ትናገራለች። የገዛ ጥፋትን ከመናገር የሚከለክል ሕግ የለም። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንበረከክ የተናገርኩት ስለ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ሰበርኩ፣ ሳህን ሰበርኩ፣ አንዴ ደግሞ ማሰሮ። ከዚያ ያለፈ ጥፋት ያለብኝ አይመስለኝም ነበር።

ጎብኚዋ ወረቀቷን ከማውጣቷ በፊት ከወንበሬ ተነሳሁና ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ።

«እህቴን ሳላውቃት ከሰስኳት» አልኩ። «ሰነፍ ናት አልኩ። ሰባተኛው ክፍል ያለው ሰው እኔ የተውኩት ነው፤ እሷ ናት ከሞት የመለሰችው። እኔ በበሩ ሳልፍ እየፈራ ነው የኖረው። ይቅር በሉኝ።» ወደ ወጥ ቤቷ ሲስተር ዞር አልኩ። «የድስት ክዳንሽም እሱ ጋ ነው። ለእሱ መሪ ነውና እንዳትወስጂበት።»

ጭልፋዋ ከእጅዋ ወደቀ። ትንሿ ፊቷ ቀልቶ አቀረቀረች።

ጎብኚዋ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። «ተጽፏል» አለች። «ትንሿ ሲስተር በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች ይላል። የቀሩት አራቱ የነገሩኝ ሌላ ነበር። እኔ ግን ሥራውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ የእርስዎን ቃል አመንኩ።» እስክሪብቶዋን አነሳችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «አሁንም የማምነው የእርስዎን ነው። ይሰርዙት።»

እንደተንበረከክሁ ሰረዝኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ፤ አላፈርኩበትም።

«እሷ በአንዱ ላይ ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ ዘጠኙን ማን ያጥባል?» አለች ጎብኚዋ።

«እኔ ምን ሠርቼ ልበላ?»

ሁሉም ሳቁ። የቸገረው መነሳቱ ነበር፤ ጉልበቴ አልታዘዝ አለ። ትንሿ መጥታ በብብቴ ገባችና «ቀስ እማማ፣ ቀስ፣ ቀኝ እግር ያስቀድሙ» ብላ አነሳችኝ። ይህንንም ከየት እንደለቀመችው አሁን አውቃለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባተኛውን ክፍል አንኳኳሁ። በር ሳንኳኳ ያየችኝ ወጥ ቤቷ ሲስተር ከኮሪደሩ ጫፍ አማተበች።

ሹፌሩ ሲያየኝ ክዳኑን ሊደብቅ ተንደፋደፈ።

«አትደብቅ» አለችው ትንሿ። «ተሳፋሪ ናት።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ትኬት አላት?»

ኪሴን ዳበስኩ። ከመቁጠሪያዬ ሌላ ምንም የለም። አውጥቼ አሳየሁት። አሰበበት፣ ትንሿን አያት፣ ከዚያ በአገጩ ወደ በርጩማው ጠቆመኝ። «ከኋላ ባዶ ነው» አለ።

ተቀመጥኩ። ሁለት ፌርማታ ተሳፈርኩ። በሦስተኛው ላይ ትንሿ ሳህኑን ሰጠችኝና ማንኪያውን አቀረብኩለት። ክዳኑን ይዞ አፍጥጦ አየኝ።

«አንቺ ተቆጣጣሪ አልነበርሽም?» አለኝ።

«ነበርኩ» አልኩት። «ሥራውን ለቅቄያለሁ።»

ክዳኑን ጭኑ ላይ አሳረፈና አፉን ከፈተ። ገና አራት ፌርማታ ይቀረን ነበር፤ ዘጠኙ ሽማግሌዎች ደግሞ ሳይታጠቡ እየጠበቁኝ ነው። ማንኪያውን ሞላሁና «ወራጅ አለ» አልኩ።