ለፓይለት ልድር ስሄድ

ሰው ደስ ሲለው አፉን መዝጋት አለበት። እኔ አልዘጋሁም። ያን ዓርብ ጠዋት ኮምቦልቻ ኤርፖርት ገብቼ ገና ወንበር ሳልይዝ፣ ለማላውቀው መንገደኛ ሁሉ «ዛሬ እህቴን ለፓይለት ልድር ነው የምሄደው» እያልኩ አወራሁ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኒካሕ፣ የጋብቻው ውል፣ አለ፤ ወሊዋ፣ ማለትም የሚድራት፣ እኔ ታላቅ ወንድሟ ነኝ፤ ሙሽራው ደግሞ እዚሁ የምንሳፈርበት የላኮመልዛ አየር መንገድ አብራሪ ነው። ይህን ሁሉ ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ሙሽራውን ጁነይድን ወድጄው አላውቅም። ሰማይ ላይ ውሎ ሰማይ ላይ የሚያመሽ ሰው መቼ ቤቱ ሊገባ ነው እል ነበር። ይሁን እንጂ ደሴ ፒያሳ ካለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቄ አንድም ደንበኛ አማቼ ፓይለት መሆኑን ሳይሰማ አልወጣም። አባታችን ሲሞት እህቴ ሙና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «አንተ ነህ የምትድራት፣ አደራ» አለኝ። ሃያ አንድ ዓመት ያቺን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ። ለደሴ ብርድ ያሰፋሁትን ወፍራም ሱፍ ለብሼ በኮምቦልቻ ሙቀት ላቤ ይንቆረቆራል፤ ቢሆንም ኮቴን አላወለቅኩም።

ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል የተባለው አውሮፕላን አራት ሰዓትም አልመጣም። አምስት ሰዓት ሲሆን አንዲት የአየር መንገዱ ሠራተኛ ብቅ ብላ፣ አብራሪዎቹ ከሌሊቱ ጀምሮ ሥራ ስላቆሙ በረራ የለም አለች። መቼ ይኖራል ሲሏት አላውቅም ብላ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። በመኪና እንዳንሄድ የአዲስ አበባው መንገድ ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚጮህበት አጣ። ከዚያ እኔን አገኘ።

«አማቻቸው ፓይለት ነው የተባሉት እኒህ ናቸው» አለ አንድ ነጋዴ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

ከሁሉ የባሱት ሸዋረጋ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የሕክምና ወረቀታቸውን በትልቅ ፖስታ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ። ሁለት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ነው» አሉ። «ደውልለትና ይምጣ። ዝምድናው ለጉራ ብቻ ነው እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ከበበኝ። ደወልኩ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ጀላል» አለ ጁነይድ። ድምፁ ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ድምፅ ነው።

«ሰላምታህን እዚያው ያዘው። አንተም አብረሃቸው ነው ያቆምከው?»

«አዎ፣ እኔም ተስማምቻለሁ። አሥራ አንድ ቀን ያለ ዕረፍት አብርሬያለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሐርቡ አካባቢ ስደርስ ዓይኔ ተከደነ፤ ረዳቴ ነው የቀሰቀሰኝ። ሰው ጭኜ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የኒካሕህን ቀን ነው የመረጣችሁት?»

«ቀኑን እኔ አልመረጥኩም። ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ በሺር፣ እርስዎ በስልክ ሰው መወከል ይችላሉ ብለዋል። እርስዎ ‹ሸሁን ወክያለሁ› ካሉ እሳቸው በስምዎ ያስሩታል።»

«አልወክልም። የምድራት እኔ፣ በእጄ ነው። አውሮፕላንህን አስነሳና ውሰደኝ» ብዬ ዘጋሁበት። ዓይኔ ተከደነ ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ግን እልህ ይዞኛል፤ ደግሞም ሰው እያየኝ ነው።

«ምን አለህ?» አሉ ሸዋረጋ።

«ደክሞኛል ነው የሚለው።»

«እኔስ አልደከመኝም?» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ነጋዴው ሻንጣዬን በእግሩ ገፋ አድርጎ አለፈ። እኔም በልቤ ጁነይድን፣ አየር መንገዱን፣ ሸዋረጋንም አንድ ላይ ረገምኳቸው።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ሙና ደወለች። «ወንድምጋሼ፣ ሰው ተቀምጦ አንተን ነው የሚጠብቀው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሸሁም ምስክሮቹም ይሰሙሃል። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ወክል።»

«ይጠብቁ። አውሮፕላን ሲነሳ እመጣለሁ።»

«መቼ ነው የሚነሳው?»

«ባልሽን ጠይቂው። እዚህ ያስቀመጠኝ እሱ ነው፤ እሱ ይለምነኝ።»

«አንተ እኔን ልትድር ነው ወይስ እሱን ልትቀጣ?» አለች።

ከኋላዋ አንድ የማውቀው ድምፅ «ምን ልመና አለው፣ አጎት እያለ» ሲል ሰማሁ። ጣሀ ነው፣ የአባታችን ወንድም። በአባታችን ለቅሶ ሦስት ቀን እንኳ ያልተቀመጠ ሰው። ደሴ አጠገብ ገራዶ ያለውን መሬቱን ሊያይ በመጣ ቁጥር በሱቄ ደጅ እያለፈ፣ አንድ ቀን «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ብሎ አያውቅም። ዛሬ ኒካሑ ላይ ከፊት ተቀምጧል።

ደሜ ፈላ። «እንግዲያውስ ጣሀ ይዳርሽ» አልኩ።

ስልኩን ሸህ በሺር ተቀበሉ። «ጀላል፣ ያልከውን ምስክሮች ሰምተዋል። ኒካሕ ላይ በቁጣ የተባለም ቃል ነው፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ልጠይቅህ። ጣሀን ወክለሃል?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። «እርስዎን ነው የወከልኩት» ብል ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። ሸዋረጋ በዓይናቸው ይበሉኛል፤ ነጋዴው ከጀርባዬ ይስቃል። ጁነይድ አንዲት ቃል ቢናገር፣ «ጋሼ በሞቴ» ቢለኝ፣ እሺ እል ነበር። እሱ ግን ምንም አላለም። እኔም ዝም አልኩ።

«ዝም ካልክ ወይ ወክለሃል፣ ወይ እንቢ ብለሃል» አሉ ሸሁ። «ሁለቱም የሚወስዱን ወደ ጣሀ ነው፤ ወንድም እንቢ ካለ ወሊነቱ የአጎት ነው። ሙና፣ አንቺስ ፈቅደሻል?»

ሙና «ፈቅጃለሁ» አለች።

ጣሀ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሜን ልጅ ሙናን ድሬልሃለሁ» ሲል ሰማሁት። ጁነይድ «ተቀብያለሁ» አለ። «ቆዩ» አልኩ እኔ። ሴቶቹ እልል ስላሉ የሰማኝ የለም። ስልኩ ተዘጋ።

እልልታው ለእነ ሸዋረጋም ተሰምቷቸው ኖሮ ተጠግተው መጡ። «ምንድን ነው? አውሮፕላኑ ሊመጣ ነው?»

«አይደለም። እህቴ አገባች።»

«የምድራት እኔ ነኝ ስትለን አልነበር? አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ማን ዳራት?»

«አጎቷ።»

«አንተስ?»

«እኔ ተቆጥቼ ነበር» አልኳቸው።