የተጨመቀው ምርቃት

ወንድሜ ይርዳው ከጎንደር እኔ ወዳለሁበት እስራኤል፣ አሽቀሎን፣ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ሲልክልኝ፣ ካሴቱ መጨረሻ ላይ እናቴ ቴፑን ፈርታ ራቅ ብላ በለሆሳስ መርቃኝ ነበር። አሁን በሕይወት የለችም።

ልጄ ያሪቭ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ካሴቱን ጣለው። ከዚያም ለዘፈኖቹ ቦታ እንዲተርፈው ብሎ ፋይሉን ኤምፒ3 ወደሚሉት ትንሽ ፋይል ጨምቆ ዋናውን አጠፋው። ዛሬ ስሰማው የይርዳው ድምፅ አለ፤ ከእናቴ የቀረው ግን እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ነገር ነው።

ብጮህበት ፋይሉን መልሶ አሰፋው። "ኢማ፣ በሴዴር፣ አሥር እጥፍ ሆነ!" አለኝ፤ በዕብራይስጥ "እማዬ፣ ተስተካክሏል" ማለቱ ነው።

ሰማሁት፤ ያው ነው።

"ታዲያ እሷስ?"

"ሲጨመቅ ደካማው ድምፅ ይጣላል። አንዴ ከተጣለ አይመለስም።"

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። እኔስ ጉልበቷ ደከመ ብዬ ጎንደር ጥያት አልመጣሁም?