ወደ ደጅ የወጣው ነጠላ

ታየች ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላና ጋቢ መሸጥ ከጀመረች ሀያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ልማድ አልለቀቃትም። ሸማኔ ሥራውን ሲያመጣላት ሱቅ ውስጥ ሆና አታየውም። ይዛው ወደ ደጅ ትወጣለች፣ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ድሩን በጣቷ ትፈትሻለች፣ ጥለቱን ገልብጣ ታያለች፤ ስለ ዋጋ የምትነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ደጃቸው ላይ ሰማያዊ ሸራ የሚወጥሩ ነጋዴዎችን አትወድም። በሰማያዊ ሸራ ሥር የወየበ ጥጥ እንኳ ነጭ መስሎ እንደሚታይ ታውቃለች።

ከዚህ ምርመራ ነፃ የሆኑት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ መሸሻ። ድርና ማጉ በእጅ የተፈተለ ነጠላ ሲያመጡላት ሀያ ዓመት ሲሆን፣ አንድ ቀን እንኳ ደጅ አውጥታ አላየችባቸውም። እንደታጠፈ ትቀበልና መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌሎቹ ሸማኔዎች ይህን ያውቃሉ። ጋሽ መሸሻም ያውቃሉ። ተነጋግረውበት ግን አያውቁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቶማስ የሚባል ልጅ ሁለት መብራት አቅፎ ቀጨኔ ያለው ቤቷ ሲገባ ዓይኗን ጠበብ ያደረገችው።

መብራቱ የመጣው ለልጇ ለሳሌም ነበር። ሳሌም በባዮሎጂ ተመርቃ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሳሎኑ ውስጥ፣ ድሮ ቡፌው በነበረበት ቦታ፣ ከሜትር የሚበልጥ የመስታወት ገንዳ አስቀምጣ ጨዋማ ውኃ ሞልታበታለች። ውስጡ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችና ኮራል የሚባሉ ፍጥረቶች አሉ። ለታየች ኮራሎቹ መጀመሪያ ድንጋይ መስለዋት ነበር። ሕይወት እንዳላቸው፣ አብዛኛውን ምግባቸውንም ከብርሃን እንደሚያገኙ ሳሌም ስትነግራት፣ «ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ጾም ናቸው በይኛ!» ብላ ስቃባት ነበር። አሁን ግን የገንዳው መብራት ከተቃጠለ ሳምንት ሆኖት ኮራሎቹ ተኮማትረዋል፤ ሳሌምም ቁርስ አትበላም።

«ይሄ ነጩ ነው፤ ርካሽ ነው» አለ ቶማስ። የዓሣ ዕቃ ከዱባይ እያስመጣ የሚሸጥ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ ነው። «ይሄኛው ደግሞ ሰማያዊው። ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው፤ ግን ማዘር፣ ሲበራ ይዩት።»

መጋረጃውን ጋርዶ አበራው። ቡናማ የነበሩት ኮራሎች አረንጓዴና ሮዝ ሆነው ፈኩ። ሳሌም ትንፋሿን ሳበች።

«አጥፋው» አለች ታየች። «አጥፋውና መጋረጃውን ክፈት።»

ቶማስ ከፈተው። የቀኑ ብርሃን ሲገባ ኮራሎቹ ተመልሰው ቡናማ ሆኑ።

«አየሽ?» አለች ወደ ልጇ ዞራ። «ሸራ ነው። ይሄ የሰማያዊ ሸራ ሥራ ነው።»

«ማዘር፣ ሸራ እዚህ ምን አገባው?»

«ማዘር አትበለኝ። መቼ ነው የወለድኩህ?»

ቶማስ ሳቀና ሁለቱንም መብራት ለሙከራ እስከ ሰኞ ትቶላቸው ሊሄድ ተነሣ። ሊወጣ ሲል አንዴ ወደ ገንዳው፣ አንዴ ወደ ሳሌም አየ። ታየች ይህንንም መዘገበችው።

ሳሌም ነጩን በገንዳው ግራ፣ ሰማያዊውን በቀኝ ሰቀለች። «እኔ ቀለማቸውን አይደለም የማየው፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ቀን ጠብቄ በየትኛው በኩል እንደሚከፈቱ ነው የማየው።»

ታየች ግን ሦስት ቀን የምትጠብቅ አልነበረችም። መብራት የሚፈተነው በነጭ ነገር ነው ብላ ቅዳሜ ከሱቋ ሁለት አዲስ ነጠላ ይዛ መጣች። አንዱ የፋብሪካ ክር፣ አንዱ የጋሽ መሸሻ ፈትል ነው። መጋረጃውን ጋረደችና ሁለቱን በሰማያዊው መብራት ሥር ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

የፋብሪካው ነጠላ ቦግ አለ። ከራሱ ውስጥ የሚበራ ይመስል ነበር። የጋሽ መሸሻው እዚያው አጠገቡ ደብዘዝ ብሎ፣ ጥጥ መስሎ ተኛ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ታየች።

«ፋብሪካ ውስጥ ክሩን ነጭ ለማስመሰል የሚነክሩበት ነገር አለ» አለች ሳሌም። «እሱ ነው በዚህ መብራት የሚያበራው። በእጅ የተፈተለው ያ ነገር የለበትም።»

ታየች ሁለቱን ነጠላ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ፊቷ በራ። ሀያ ስድስት ዓመት በጣቷ ስትፈልገው የኖረችውን ነገር መብራቱ በዓይን አሳያት። «እንዲህማ ከሆነ መብራቱ ሐቀኛ ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! የትራስ ልብሱን፣ ፎጣውን፣ የጎረቤት ስጦታ የሆነውን ጋቢ ሁሉ እያመጣች ሥሩ ያዘች። ጋቢው ሲያበራ፣ «ብዬ ነበር!» አለች። መጨረሻ ላይ የራሷን ነጠላ ከመስቀያው አወረደች። ከአራት ዓመት በፊት ጋሽ መሸሻ ለእሷ ብለው የሠሩት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው ነው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ በራ።

ታየች ነጠላውን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

ያን ምሽት አንድ ሐሳብ ያዛት፤ ሌሎቹም ተከትለውት መጡ። ጋሽ መሸሻ ባለፈው ክረምት ጣሪያቸውን በአዲስ ቆርቆሮ ያስቀየሩት በምንድን ነው? ስለ ፈታይ መወደድ የሚያማርሩት ለምን ነበር? ለሱቅ የሚያመጡት ንጹሕ ፈትል መሆኑን መብራቱ አሳይቷል፤ ግን የትኛው? አንዱ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሌሎቹስ? እስከዛሬ የሸጠቻቸውስ? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነበር፤ ደጅ እንደማታወጣባቸው ያውቃሉ። ከሸማኔ ሁሉ የማይፈተሹት እሳቸው ብቻ ናቸው።

እሑድ ጠዋት ያንኑ ነጠላ ለብሳ መድኃኔ ዓለምን ስትሳለም ትከሻዋ ላይ የከበዳት መሰላት። ከቅዳሴ በኋላ ለጋሽ መሸሻ ደወለች። «ከሰዓት ቤት ብቅ ይበሉ። የሳሌምን ዓሣ ያያሉ።»

ጋሽ መሸሻ አሮጌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። ያለ በዓል ተጠርተው ስለማያውቁ ደስ ብሏቸው ነበር። ዓሦቹን አይተው እንደ ልጅ ሳቁ። «ይሄ የኔን ጥለት ይመስላል» አሉ የአንዱን ዓሣ ጀርባ እያሳዩ።

ታየች መጋረጃውን ጋረደች። የፋብሪካውን ነጠላና የራሷን ጎን ለጎን በሰማያዊው መብራት ሥር ዘረጋች። ሁለቱም በሩ።

«የፋብሪካ ክር እንዲህ ያበራል» አለች። «ፈትል አያበራም። ይሄኛው የእርስዎ ሥራ ነው፣ ጋሽ መሸሻ። አይደለም?»

ጋሽ መሸሻ ጎንበስ ብለው ጥለቱን አዩ። «የኔ ነው።»

«ታዲያ?»

ብርቱካኑ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጡትና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ይሄም የኔ ነው። በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ጥጥ ነው የሠራሁት። መብራቱ ሥር ያስገቡት።»

ሳሌም ተቀብላ ከመብራቱ ሥር ዘረጋችው። ጋቢው አልበራም። እንደ አፈር ደብዝዞ ተኛ።

«ለራስዎ ደህናውን ይሠራሉ ማለት ነው» አለች ታየች። ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች።

ሳሌም ግን ጋቢውን እንደያዘች ቆማለች። «ጋሽ መሸሻ፣ ይሄን በምንድን ነው የምታጥቡት?»

«በእንዶድ ነዋ። ባለቤቴ ከእንጦጦ ሥር ካለ አጥር ትለቅማለች። በሌላ አታጥብም።»

የሳሌም ፊት ተለወጠ። የእናቷን ነጠላ በየሳምንቱ የምታጥበው እሷ ናት፤ ያውም ነጭ እንዲሆን ብላ በዱቄት ሳሙና። ወደ ጓዳ ገባች። ከሱቅ የመጣውን አዲሱን ፈትል፣ ትናንት ያላበራውን፣ አንድ ጫፉን ዱቄት ሳሙና ውስጥ ነክራ አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ በካውያ አደረቀችው። ይዛ ስትመለስ ሁለቱ እንደተወቻቸው ነበሩ፤ አንዱም አልተቀመጠም።

ነጠላውን ከመብራቱ ሥር አደረገችው። ሙሉው ደብዝዞ ሳለ የታጠበው ጫፍ ብቻ ቦግ ብሎ በራ።

«ሳሙናው ነው» አለች ሳሌም ድምፅዋ እየቀነሰ። «ሳሙናውም ውስጥ ያው ነገር አለ። ትናንት ላስብበት ይገባኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ መሸሻ።»

ታየች አንዴ ጫፉን፣ አንዴ ሳሌምን አየች። ጋሽ መሸሻን ለማየት ግን ዓይኗ እምቢ አላት። «እኔ እኮ...» አለች።

ጋሽ መሸሻ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ገንዳው ዞሩ። «ይሄን መብራት ገዛችሁት?»

«ገና ነው። ለሦስት ቀን ሙከራ ነው» አለች ሳሌም።

«ሦስት ቀን» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ጥሩ ነው። ለመብራት ሦስት ቀን መስጠት ጥሩ ነው።» ታየች እንዲቀመጡ ብትለምናቸው፣ ሥራ አለብኝ ብለው ሄዱ። እሑድ እንደማይሠሩ ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት በገንዳው ቀኝ በኩል ያሉት ኮራሎች ጣቶቻቸውን ዘርግተው ተከፍተው ነበር። በግራ ያሉት እንደተኮማተሩ ናቸው። ቶማስ ሲመጣ ታየች ዋጋ ሳትከራከር ሰማያዊውን እዚሁ ተወው አለችው። ልጁ ነገሩ ስላላማረው መብራቱን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ፣ «ማዘር፣ ደህና ነዎት?» አላት። «ማዘር» በመባሏም አልተቆጣችም።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ መሸሻ እንደ ልማዳቸው ሦስት ነጠላ አጥፈው ሱቅ መጡ። ታየች ጠዋት ሁሉ ደጁን ስታይ ነበርና ተስፈንጥራ ተነሣች። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሳትፈታው፣ ወደ መደርደሪያው ዞረች። እንዳልፈተሸችው እንዲያዩ ቀስ ብላ ልታስቀምጠው ነበር።

«ይቆዩ፣ ወይዘሮ ታየች» አሉ ከኋላዋ።

መጥተው ከእጇ ወሰዱት። ወደ ደጅ ወጡ፤ ሌሎች ሸማኔዎች ተራ ይዘው ከቆሙበት ቦታ፣ ፀሐዩ ላይ፣ የመጀመሪያውን ነጠላ በረጅሙ ዘረጉት።

«ይምጡ፤ ይዩት።»

«ጋሽ መሸሻ፣ እባክዎ። ከእርስዎ ጋር እኮ እንዲህ አይደለንም።»

«ይዩት እንጂ። ሌላው ሰው ቆሟል።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት በቀለላት። ሸማኔዎቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው ማየት ጀመሩ። ታየች ወጣች። ለማንም እንደምታደርገው ድሩን በጣቷ ፈተሸች፣ ጥለቱን ገልብጣ አየች። ክሩ ንጹሕ ፈትል ነበር። ሳትነካውም ታውቀው ነበር።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ሁለት ይቀራል» አሉ ጋሽ መሸሻ፤ ቀጣዩንም ዘረጉላት።