ለምርቃት የተቀመጠው ካሴት

ፀሎት እሁድ ትዳራለች። ከቤት ስትወጣ የአባቷን የመሸሻን ጉልበት ትስማለች፤ ያኔ ቴፑ ይከፈትና የሞተችው እናቷ ትመርቃታለች። ሰርኬ ልጇን ሳትድር እንደምትሞት ስታውቅ ምርቃቷን በካሴት ቀድታ ለባሏ ሰጠችው። ልጅቱ እስከ ሠርጓ ቀን እንዳትሰማው አደራ አለችው።

መሸሻ ካሴቱን አላስገለበጠም። «ምርቃት አይባዛም» ይላል። ድምፁ ግን ታፍኗል። ስለዚህ አጠና ተራ ያለውን የሚስማር ሱቁን ዘግቶ መፍትሔ ሲፈልግ ከረመ። ስፒከሮቹን በነሐስ እግር አቆማቸው፤ ከቴፑ ሥር ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ትራስ አነጠፈ፤ ጣት የሚያህል የስፒከር ገመድ ገዛ። «የሚያፍናት ንዝረት ነው» ብሎታል ዕቃዎቹን የሸጠለት ሰው። እንዲህ ያለ ሻጭ ለሐዘንተኛ አየር ቆርጦ ይሸጣል፤ ሐዘንተኛም መርቆት ይሄዳል።

ዓርብ ከሰዓት የሰርኬ ታናሽ ወንድም፣ የፊዚክስ አስተማሪው ወንድይፍራው መጣ።

«ጋሼ፣ ለቴፑ ጫማ አደረግክለት እኮ።»

«ሳቅ። እሷ ግን ድምፅዋ ጠርቷል።»

«የሸክላ ማጫወቻ ቢሆን መርፌው ይናወጣልና እሺ ባልኩህ። ይሄ ካሴት ነው። ክሩን የሚያነበው ብረት ቆሽሿል፤ ጥጥና አልኮል ይበቃዋል።»

«የሚስቴን ድምፅ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«እንግዲያው ዓይንህን ሸፍን። ጎማው ሲኖርና ሲወጣ ለይልኝ።»

መሸሻ ዓይኑን በፎጣ አሰረ። ወንድይፍራው አጫወተ፣ ወደ ኋላ አጠነጠነ፣ ደግሞ አጫወተ።

«አሁን ጎማው አለ። ሰማህ እንዴት እንደጠራች?»

«አውጥቼዋለሁ።»

«ድገም።»

ደገመ። መሸሻ ደግሞ ተሳሳተ።

«ድገም አልኩህ።» አለ መሸሻ፣ ፎጣውን አጥብቆ እያሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተው ነበር፤ ወንድይፍራው ግን ማሸነፍ ጣፍጦታል።

የሰርኬ ድምፅ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ጠፋ። ቴፑ ክሩን በልቶት ነበር። መሸሻ ፎጣውን ገፍፎ ሲጎትተው ተበጠሰ፤ ውስጥ የቀረው ተከታትፏል።

«ይቀጠላል» አለ ወንድይፍራው፣ ራሱም ሳያምነው።

«ምኑ ከምኑ?»

«በቃ፣ ቃሏን ንገረኝና ልጻፈው። አንተ ራስህ ትልላታለህ። ስንቴ ሰምተኸዋል።»

«መጀመሪያ ትንፋሽ ትወስዳለች» አለ መሸሻ። «ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ይሰነጠቃል። ከሥር ሽ የሚል አለ፤ ጎማውን ሳስገባ ይቀንስ ነበር።»

«ቃሏን ነው ያልኩህ።»

«ልጄ ትላለች። ከዚያ ድምፅዋ ይወፍራል።»

ወንድይፍራው እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ።

«አንተም ሰምተሃል» አለው መሸሻ። «እህትህ ናት። ምን አለች?»

ወንድይፍራው ሊያስታውስ ሞከረ። መሸሻ የተሳሳተባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ የእህቱን ግን አንዲት ቃል አጣ።

የግቢው በር ተከፈተ። ፀሎት ከፀጉር ቤት እየሳቀች ገባች።

«ያዛት» አለ መሸሻ፣ የተበጠሰውን ክር በሁለት እጁ እንደያዘ። «እዚያው ውጭ ያዛት።»