የጥሬ ፓፓያ ወተት

ወሎ ቆንጆ ይበቅልበታል ይባላል። ይህን የሚለው ሰው መቼም መርሳ ከተማ ላይ ብጉር ፊቷን የወረሳት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ሀገር አስቀያሚ ብትሆኚ አስቀያሚ ተብለሽ ታርፊያለሽ፤ ወሎ ውስጥ ግን የሀገሩን ስም ያጠፋሽ ነው የሚመስለው። ከደሴ የሚመጣው ተሳፋሪ ሳይቀር ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወሎ ገና አልደረስንም እንዴ?» እያለ ይስቅብሻል። ኢሕሳን እንዲህ ተብላለች። የምትሸጠውን ብርቱካን እዚያው አስፋልቱ ዳር ጥላ እየሮጠች ቤቷ ገባች።

ኢሕሳን የሙባረክ ልጅ ናት፤ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ፓፓያና ብርቱካን የሚያለማው ሙባረክ። ፊቷን ይህ ብጉር ቢወርሰውም ጉሮሮዋን አላህ አሳምሮላት ነበር። አምባሰልን ስታንጎራጉር መስኖ የሚያጠጡት ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። እንደ እሷ ያለ ድምፅ በሀብሩ ወረዳ ውስጥ የለም፤ ይህን የሚጠላት ሰው እንኳ አይክድም።

እናቷ ጅዳ ናት። ኢሕሳን ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ጥላት ሄዳ ያው በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት። ማዳሟ ስትወጣላት ትደውላለች፤ ቶሎ ቶሎ አውርታ ትዘጋዋለች። እናም ታላቅ እህቷ ዘይነባ ለወልድያው ነጋዴ ለዓሪፍ ስትዳር እናትየው መምጣት አልቻለችም፤ ፈቃድ ተከለከለች። «ቪዲዮውን ላኩልኝ፤ እሱን እያየሁ አለቅሳለሁ» አለች።

ኢሕሳን ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ሐሳብ የላትም። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ልጃገረዶቹ በራፍ ይዘው በዘፈን ይገጥሙታል። እሷ ዘፈን አውራጅ ሆና፣ ካሜራው ፊት ቆማ፣ ለእናቷ ልትዘፍንላት ነው። መዝፈን እንደምትችል እናቷ አታውቅም፤ ለዚያ ቀን ብላ ቤተሰቡን ሁሉ አስምላ አስደብቃለች። እናቷ ታያታለች፣ ትሰማታለች፣ «ይቺ የኔ ናት» ትላለች። ልጅቱ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው።

የሰርጉ አዛዥ አክስቷ ዓቢዳ ነበረች። ዓቢዳ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ግን ልጓም የለውም። ልጃገረዶቹን ደርድራ አንድ በአንድ ስታይ ቆይታ ኢሕሳን ላይ ስትደርስ ከንፈሯን መጠጠች።

«አንቺ ከኋላ።»

«አክስቴ፣ አውራጇ እኮ እኔ ነኝ!»

«ከኋላ ሆነሽ አውርጂ፤ ማን ከለከለሽ? እናትሽ ቪዲዮውን ለማዳሟ ልታሳይ ነው። ይኼን የበቆሎ እሸት የመሰለ ፊት አሳይታ መሳቂያ ትሁን? ከፊት ሉባባ ትቁም።»

ሉባባ የዓቢዳ የገዛ ልጇ ናት። ቀይ፣ መለሎ፣ ሲስቁላት የምትስቅ። አፏን ለዘፈን ስትከፍት ግን የሚታረድ ፍየል ነው የምትመስለው። ልጃገረዶቹ ስለ በቆሎው ሳቁ። ኢሕሳንም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ?

አሁን ስለ ፓፓያው ልንገራችሁ። ጀብሪል የሚባል የአባቷ ፓፓያ ለቃሚ አለ። አውራ ጣቱ ላይ የበቀለችበትን ኪንታሮት በጥሬ ፓፓያ ወተት ሲያጠፋት ኢሕሳን በዓይኗ አይታለች። ጥሬው ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ በቢላ ጫር ሲደረግ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። እሱን ሲቀባባት ሰነበተ፤ ኪንታሮቷ ተነቅላ ወደቀች። በዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ወተቱ እጅ እንደሚልጥም ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚለቅሙት። ኢሕሳን ግን ከሚታወቀው ውስጥ የፈለገችውን ብቻ ወሰደች። ኪንታሮት የነቀለ ወተት ብጉር ያቅተዋል? አለች። ጀብሪልንም አልጠየቀችው፤ ይስቅብኛል ብላ ፈራች።

መጀመሪያ አገጯን ብቻ ሞከረች። አንዲት ልጅ ፊቷን ሎሚ ስትቀባ ስልክ ላይ አይታ ስለነበር ሎሚም ጨመቀችበት። አቃጠላት። «መድኃኒት ሲይዝ ያቃጥላል» አለችና ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከቀናት በኋላ የአገጯ ቆዳ ተላጠ፤ ከሥሩ ፈካ ያለ፣ የለሰለሰ ቆዳ ብቅ አለ። ብጉር የሚባል ነገር የለም። ሐቁን እንናገር ከተባለ ያምር ነበር። ያጠፋት ማማሩ ነው።

ዓቢዳ አገጯን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። «ማሻአላህ! ምን አግኝተሽ ነው? እኛን ደብቀሽ? አገጭሽ እኮ ሰው ሆነ!» አለች ልጃገረዶቹ እየሰሙ። «ሙሉ ፊትሽ እንዲህ ቢጠራማ ከሉባባ ፊት አቆምሽ ነበር።»

«ይምሉልኛል አክስቴ?»

«ወላሂ!»

ለዓቢዳ የአፍ ወግ ነበር። ድስቷን ልታማስል ስትሄድ ረስታዋለች።

የሰርጉ ሳምንት ገባ። ሙባረክ ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ኢሕሳን ፓፓያዎቹ መሃል ገብታ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየጫረች በሻይ ብርጭቆ ወተት አጠራቀመች። ሎሚዋን ጨመቀችበት። ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ አፍንጫዋን፣ የዓይኗን ሥር ሳይቀር ለቀለቀችው። ሰርጉ ስለደረሰ ቶሎ እንዲይዝላት ብላ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፤ ያውም የመርሳን የቀትር ፀሐይ! እሳት ሆነባት። ተነስተሽ ታጠቢ እንጂ፣ አንቺ ልጅ፣ ውኃው አጠገብሽ ቦዩ ውስጥ እየሄደ! የሚላት ሰው ግን አልነበረም። እናቷ ስታያት እያሰበች፣ እንባዋ በወተቱ ላይ እየወረደ፣ ቆጥባ ያስተረፈችውን ደግማ ቀባችው።

አባቷ ከመስጊድ ሲመለስ ዓይኖቿ አብጠው ተከድነዋል። ፊቷ ሊጥ ሆኖ ተነፍቷል፤ ጉንጮቿ ውኃ ቋጥረው ይፈነዳሉ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳት፤ ከዚያ ወደ ወልድያ ተላከች።

«ዓይኗ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ በሉ» አለ ሐኪሙ። «ጠባሳው ግን አብሯት ይኖራል።» ምን አስቸኮለው አትሉም፣ ይህን ጨመረበት፦ «ብጉር እኮ በዕድሜ የሚለቅ ነገር ነበር። ቀላል ቅባትም ነበረው። ለምን አልጠየቅሽም?»

ሙባረክ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ያዘና «አሁን ማን ያገባሻል?» አለ። የሚወዳት አባቷ ነው ይህን ያለው። እሷም ለዚያ ነው ያመነችው።

በሰርጉ ቀን ከወልድያ ተመልሳ፣ ፊቷን በቅባት አርሳ፣ ሻርፗን እስከ ዓይኗ አውርዳ ቤት ገባች። ዓቢዳ ስታያት እሪ ብላ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እንባዋ ሳይደርቅ ግን ሉባባ በረንዳው ላይ ስትለማመድ ሰማቻት። ሚዜዎቹ ወንዶች ያንን ድምፅ ቢሰሙ በስድብ ዘፈን እንደሚያዋርዷቸው ታወቃት። የሰርጉ አዛዥ እንባ ደግሞ ብዙ አይቆይም።

«ልጄ፣ ጓዳ ሆነሽ በማይክ ትዘፍኛለሽ። ሉባባ ከፊት ቆማ አፏን ታንቀሳቅስ። ማን ያውቃል?»

ቪዲዮ ቀራጩ ፍቅሩ «ቀላል ነው እትዬ ዓቢዳ፤ ድምፁን ከሞንታርቦው በቀጥታ እወስደዋለሁ» አለ። ለሱ ሥራ ነው።

ኢሕሳን እሺ አለች። እሺ ያለችው ፈርታ አይደለም። እናት የልጇን ድምፅ ትለያለች፣ ፊት ባታይም ታውቀኛለች ብላ ነው።

ሙሽራው መጣ። ልጃገረዶቹ በራፉን ያዙ፤ ድቤው ተመታ። ኢሕሳን ከመጋረጃው ጀርባ፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ አወረደች።

«እማ ጅዳ ያለሽው፣ መርሳ ነኝ እኔማ፣
ታውቂኝ የለም ወይ ገና ድምፄ ሲሰማ።»

አፏን በከፈተች ቁጥር የጉንጯ ቅርፊት ይሰነጠቃል፤ የሚወርደውን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች ቀጠለች። ሙሽሪት ዘይነባ አለቀሰች፣ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። የሙሽራው ሚዜዎች በዘፈን መግጠሙን ትተው እየተሻሙ የሉባባ ግንባር ላይ ብር ለጠፉ። ጩኸቱ ጓዳ ድረስ ተሰማ። «አቤት ድምፅ! አቤት መልክ! ወሎ ማለት ይቺ ናት!»

ቪዲዮው ጅዳ እንደደረሰ እናትየዋ ደወለች፤ ስለ ኢሕሳን ፊት ማንም አልነገራትም። እያለቀሰች ነበር።

«ሁሉንም አየሁት ልጄ። አንቺ ግን የታለሽ? እየመለስኩ ፈለግኩሽ።»

«ጓዳ ነበርኩ እማ። ሥራ በዝቶብኝ።»

«ጓዳ! በእህትሽ ሰርግ? እሺ ያቺ የምትዘፍነው ቀይዋ ማን ናት?»

ኢሕሳን እኔ ነኝ ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ ካለች ግን «እስቲ ካሜራውን ክፈቺና ልይሽ» ልትባል ነው።

«ሉባባ ናት እማ። የአክስቴ የዓቢዳ ልጅ።»

«ውይ አላህ ያክብራት! ‹ጅዳ ያለሽው› ስትል አንጀቴን በላችው። ማዳሜን ጠርቼ አሳየኋት፤ እሷም አለቀሰች። ‹ልጅሽ ናት?› ብትለኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ፤ አዎ አልኳት።» ሳቀች፣ አፍንጫዋን ሳበች። «የሰው ልጅ አስታወሰችኝ፣ የኔዋ ጓዳ ተቀምጣ። ሽቶ እልክላታለሁ። አንቺም እንደሷ መዝፈን ተማሪ እንጂ፤ ሰምተሻል?»

«እሺ እማ» አለች ኢሕሳን።